«ፋየርፍላይ»፦ ጥፋቱ የአውሮፕላኑ ወይስ የአዛዦቹ?

እኔ አብራሪ ሳልሆን ዕድሜውን በማስተማር የጨረሰ ሰው ነኝ። የአሜሪካ አየር ኃይል «ቲ-3ኤ ፋየርፍላይ» ታሪክ የሚከነክነኝም የመምህርና የተማሪ ጉዳይ ስለሆነ ነው።

አየር ኃይሉ 113 ፋየርፍላይ ከእንግሊዙ ስሊንግስቢ ገዛ። ዓላማው ጀማሪውን አየር ላይ እየገለባበጡ ለጄት የሚሆነውን መለየት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1995 እስከ 1997 ግን በኮሎራዶው አካዳሚ በደረሱ ሦስት አደጋዎች ሦስት መምህራንና ሦስት ዕጩ መኮንኖች ሞቱ።

ክንፉ አየሩን መያዝ ሲሳነው አውሮፕላኑ እንደ እንዝርት እየተሽከረከረ ይወርዳል። ማዳኛው መጀመሪያ የሽክርክሪቱን ተቃራኒ ፔዳል ረግጦ ከዚያ መሪውን ወደፊት መግፋት ነው። ይህ ደግሞ ከፍታ ይፈልጋል፤ የለመደ እግርም ይፈልጋል። የአካዳሚው ማኮብኮቢያ ከባሕር ወለል 2,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል፤ አየሩ ስስ ነው። ከመምህራኑም ብዙዎቹ የመጡት እንዲህ ያለ ነገር ከማይሞከርባቸው የጭነት አውሮፕላኖች ነበር። በዚያ ላይ ሞተሩ በተደጋጋሚ በድንገት ይጠፋ ነበር፤ ምክንያቱም አጥጋቢ መልስ አላገኘም።

በመጀመሪያው አደጋ ጥፋተኛ የተባለው ሟቹ መምህር ነው። (ሟች ይግባኝ አይልም!) መጀመሪያውኑ ያላሠለጠኑትን ሰው በዚያ ወንበር ላይ ያስቀመጡትስ? እንግሊዞች እኮ ባለ 260 የፈረስ ጉልበቱን ፋየርፍላይ ለዓመታት ለጀማሪ ማሠልጠኛነት ተጠቅመውበታል።

አሜሪካኖቹ አውሮፕላኖቹን በሐምሌ 1997 አገዱ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ቆመው በ2006 ተሰባብረው ተወገዱ።