ልጆቻችን በእንግሊዝ አገር ዜጋ ሲሆኑ

ቅዱስ ጳውሎስ በኢየሩሳሌም ተይዞ ሊገረፍ በታሰረ ጊዜ፣ ሮማዊ ዜጋ መሆኑን ለመቶ አለቃው አስታወቀ። ሻለቃው ያንን ዜግነት ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ያገኘው ሲሆን፣ ጳውሎስ ግን ከትውልዱ ጀምሮ የያዘው ነበር። ኋላም ዜግነቱ በሰጠው መብት ጉዳዩ በቄሳር ፊት እንዲታይ ይግባኝ አለ። ከዚህ ታሪክ እንደምንረዳው፣ ዜግነት ጥቅም የሚሰጠው ምን መብትና ምን ግዴታ እንዳለበት ለሚያውቅ ሰው ነው።

የጉራጌ ሕዝብ ለሥራና ለንግድ ከቀዬው ርቆ በመሄድ፣ በመስቀል በዓል ደግሞ ወደ ወላጆቹ በመመለስ የታወቀ ነው። የጥንቱ መንገድ ከወልቂጤና ከቡታጅራ ተነሥቶ አዲስ አበባ ላይ ያበቃ ነበር፤ የዛሬው ግን ባሕር ተሻግሮ እስከ ሎንዶን ይደርሳል። በዚያ የሚኖር ልጅ በስልክ «ፈተናውን አልፌአለሁ፤ ቃለ መሐላ ልፈጽም ነው» ብሎ ሲያበስር፣ እናትና አባት ከደስታቸው ጋር ጥያቄም ያድርባቸዋል። ፈተናው የምን ፈተና ነው? መሐላውስ ለማን ነው? ልጃችን ከአገሩና ከሃይማኖቱ ሊለይብን ይሆን? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ እንዲሆን ቀጥሎ ያለውን አዘጋጅተናል። የእንግሊዝ ታሪክ ዓመታት የተጻፉት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሲሆን፣ የኢትዮጵያ ታሪክ ዓመታት ግን «ዓ.ም.» ተብለው እንደ እኛ አቆጣጠር ተጽፈዋል።

ስለ ፈተናው

የእንግሊዝ መንግሥት የዜግነት አመልካቾች ስለ አገሩ ታሪክ፣ ባህልና አስተዳደር እንዲፈተኑ ያደረገው ከ2005 ጀምሮ ነው። ፈተናው 24 ጥያቄዎች አሉት፤ የሚሰጠውም ጊዜ 45 ደቂቃ ነው። ለማለፍ ቢያንስ 18ቱን በትክክል መመለስ ያስፈልጋል። የፈተናው ዋጋ 50 ፓውንድ ሲሆን፣ የዜግነት ማመልከቻው ግን ከ1,600 ፓውንድ በላይ ያስከፍላል። ቤተ ሰብ በሚያስተዳድር ሠራተኛ ላይ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም። ስለዚህ በዚያ ጊዜ ወደ ቤት የሚላከው ገንዘብ ቢያንስ፣ ወላጆች ልጃቸው እንደ ረሳቸው አድርገው ሊቈጥሩት አይገባም።

ከታሪክ የሚጠየቀው

የታሪኩ መሠረት የንጉሥን ሥልጣን በሕግ የመወሰን ትግል ነው። በ1215 መኳንንቱ ንጉሥ ጆንን አስገድደው «ማግና ካርታ» የሚባለውን የስምምነት ጽሑፍ እንዲያጸድቅ አደረጉት። በዚህም ነጻ ሰው ያለ ሕግ እንዳይታሰር ተደነገገ። በ1649 ንጉሥ ቀዳማዊ ቻርልስ ከፓርላማው ጋር ተዋግቶ በመሸነፉ በሞት ተቀጣ፤ አገሪቱም እስከ 1660 ድረስ ያለ ንጉሥ ቈየች። በ1689 በወጣው የመብት ሕግ ደግሞ ንጉሥ ያለ ፓርላማ ፈቃድ ግብር ሊጥል ወይም ሕግ ሊያግድ እንደማይችል ተወሰነ። ሴቶች ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙት ዘግይተው ነው፤ በ1918 ከ30 ዓመት በላይ ለሆኑትና በሕግ የተወሰነውን ለሚያሟሉት፣ በ1928 ደግሞ ከወንዶች ጋር በእኩልነት ተፈቀደላቸው።

ስለ መንግሥቱ አሠራር

የእንግሊዝ ንጉሥ ይነግሣል እንጂ አይገዛም። አገሩን የሚያስተዳድረው ጠቅላይ ሚኒስትሩ ነው። ፓርላማው ሁለት ምክር ቤቶች አሉት፤ አንደኛው በሕዝብ የተመረጡ 650 አባሎች የሚቀመጡበት ሲሆን፣ ሁለተኛው አባሎቹ በሕዝብ ያልተመረጡ የላይኛው ምክር ቤት ነው። ከላይኛው ምክር ቤት መቀመጫዎች 26ቱ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ጳጳሳት ናቸው። በምርጫ የተሸነፈው ትልቁ ፓርቲ «የግርማዊነታቸው ታማኝ ተቃዋሚ» ይባላል። መንግሥትን መንቀፍ አገርን መክዳት ሆኖ እንደማይቈጠር ይህ ስም በግልጽ ያሳያል።

ለእኛ አንባብያን የሚደንቀው፣ ይህች አገር በአንድ መጽሐፍ ተጠርዞ የተቀመጠ ሕገ መንግሥት የሌላት መሆኗ ነው። ሕገ መንግሥቷ ከልዩ ልዩ አዋጆች፣ ከፍርድ ቤት ውሳኔዎችና ከቈየ ልማድ የተገኘ ነው። ይህ አሠራር ለጉራጌ ሰው እንግዳ ሊሆን አይገባም። የሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎና ቂጫ፣ የክስታኔም የጎርደና ሴራ፣ ብዙ ዘመን በሽማግሎች ቃል ሲጠበቁ የኖሩ ሕጎች ናቸው። ሽማግሎቹም ነገሩን አብላልተው፣ ተከራክረውና ተስማምተው ይፈርዱ ነበር። የእንግሊዝ ሴቶች የምርጫ መብት ከማግኘታቸው ብዙ ዓመታት ቀደም ብሎ፣ የቃቄ ወርድዎት የምትባል የጉራጌ ሴት በጋብቻና በፍቺ ረገድ ስላለው የሴቶች መብት በሸንጎው ፊት ቆማ እንደ ተሟገተች ይነገራል። እንግዲህ ልጅ የሰውን አገር ሕግ ሲያጠና የራሱንም ቢያውቅ፣ «የእኛ ዘንድ ምን ነበረ?» ተብሎ ሲጠየቅ አያፍርም።

ስለ በዓላትና ስለ ቅዱሳን

ፈተናው ስለ አገሩ በዓላትም ይጠይቃል። የእንግሊዝ ጠባቂ ቅዱስ ተብሎ የሚከበረው ሰማዕቱ ቅዱስ ጊዮርጊስ ነው፤ የስኮትላንድ ደግሞ ሐዋርያው እንድርያስ ነው። የአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማም የቅዱስ ጊዮርጊስን፣ የእንድርያስንና የአየርላንዱን የፓትሪክን መስቀሎች አንድ ላይ ያጣመረ ነው። እንግሊዞች የቅዱስ ጊዮርጊስን በዓል በአፕሪል 23 ያከብራሉ፤ ይህም በእኛ ሚያዝያ 15 ቀን ይሆናል። እኛ ደግሞ በሚያዝያ 23 ቀን እናከብረዋለን። ልጆቻችን በሰው አገር የሚያውቁትን ሰማዕት ማግኘታቸው መልካም መጽናኛ ነው።

በሁለቱ አገሮች መካከል ያለፈው

ይሁን እንጂ ከፈተናው ውጭ፣ ኢትዮጵያዊ ልጅ ከወላጆቹ አፍ ሊሰማው የሚገባ ታሪክ አለ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር በመቅደላ ዐፄ ቴዎድሮስን ድል ካደረገ በኋላ፣ ብዙ የብራና መጻሕፍትንና ንዋያተ ቅድሳትን ዘርፎ ወሰደ። ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁም ተወስዶ በ1879 በዚያው አረፈ፤ ዐፅሙም እስከ ዛሬ በዊንዘር ይገኛል። በብሪትሽ ሙዚየም 11 ታቦታት ተዘግቶባቸው ተቀምጠዋል። ይህ እንዳለ ሆኖ፣ ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በባዝ ከተማ በስደት ተቀምጠዋል፤ በ1933 ዓ.ም. ለተገኘው ድልም የእንግሊዝ ጦር ከአርበኞቻችን ጋር ተሰልፎአል። መልካሙንም ክፉውንም አስተካክሎ የሚያውቅ ልጅ አዲሱን አገሩን ያለ ጥላቻ ይወዳል፤ ያለ ፍርሃትም ይጠይቃል።

ስለ መሐላውና ስለ ኢትዮጵያዊ ዜግነት

ከ2004 ጀምሮ አዲስ ዜጋ በአደባባይ ሥርዓት ይቀበላል። ለንጉሥ ሣልሳዊ ቻርልስና ለወራሾቹ ታማኝ እንደሚሆን፣ የአገሩን መብትና ነጻነት እንደሚያከብር፣ ሕጉንም እንደሚጠብቅ ቃል ይገባል። ቃሉን በእግዚአብሔር ስም በመማል ወይም ያለ መሐላ በማረጋገጥ ሊሰጥ ይችላል። በዚህ ውስጥ ሃይማኖትን የሚያስክድ አንድም ቃል የለም።

ቤተ ሰብ በብርቱ ሊያስብበት የሚገባው ሌላ ጉዳይ ነው። የእንግሊዝ ሕግ ሁለት ዜግነት መያዝን ይፈቅዳል፤ የእኛ ሕግ ግን አይፈቅድም። በኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት፣ በራሱ ፈቃድ የሌላ አገር ዜግነት የወሰደ ኢትዮጵያዊ የኢትዮጵያ ዜግነቱን ያጣል። ይህን ሳያውቅ በአሮጌው ፓስፖርት መንገድ የሚጀምር ሰው ችግር ላይ ይወድቃል። ቢሆንም በሩ ፈጽሞ አልተዘጋም። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት ትውልደ ኢትዮጵያዊ የሆነ ሰው መታወቂያ አውጥቶ ያለ ቪዛ ሊገባ፣ ያለ ሥራ ፈቃድም ሊሠራ ይችላል፤ ድምፅ መስጠትና መመረጥ ግን አይፈቀድለትም። ወደ አገሩ ተመልሶ ለመኖርና የውጭውን ዜግነት ለመተው የወሰነም፣ የቀድሞ ዜግነቱን ለማግኘት ማመልከት ይችላል። ስለዚህ የርስት፣ የውርስና የንግድ ጉዳይ ያለው ቤተ ሰብ፣ ልጁ መሐላውን ከመፈጸሙ አስቀድሞ የሕግ ዐዋቂ ቢያማክር ይበጀዋል።

ለወላጆች

ልጃችሁ ስለሚያጠናው ነገር በስልክ ጠይቁት፤ ሲያስረዳችሁ እርሱም ትምህርቱን ያጠነክራል። እናንተም በበኩላችሁ የአባቶቹን ሸንጎ፣ የመቅደላን ታሪክና የአገሩን ሕግ ንገሩት። በቤት ያሉትም ልጆች የራሳቸውን አገር አስተዳደር ይወቁ። ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ፣ ወልቂጤም የጉራጌ ዞን መቀመጫ ስትሆን፣ ሁለቱም ዞኖች በ2015 ዓ.ም. በተመሠረተው በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ መሆናቸውን የማያውቅ ተማሪ እንዳይኖር ያስፈልጋል። ባሕር ማዶ ያለው ልጅ ስለ አዲሱ አገሩ 24 ጥያቄዎችን ለመመለስ ሌሊቱን ሙሉ ሲያነብ፣ እኛ ስለ ራሳችን አገር ያንኑ ያህል ጥያቄ ለመመለስ የማንችል ብንሆን ያሳዝናል።

ጥምቀት ከዜግነት ጋር አይለወጥም፤ ጾሙም፣ ጸሎቱም፣ የወላጅ ምርቃትም በየትኛውም ፓስፖርት ይጸናል። ለመስቀል የሚመለስ ልጅ የሌላ አገር ፓስፖርት ይዞ ቢመጣም ክትፎው ተሠርቶ፣ ቤቱም ተከፍቶ ይጠብቀው።