«መድኃኒት» ብለን ቤት ያስገባነው መርዝ

ቀዳማይ ወያነ ገበያ ወርዶ እህል የገዛ ሰው «የነቀዝ መድኃኒትስ?» ማለቱ የተለመደ ነው። ትኋን ያስቸገረውም «የትኋን መድኃኒት» ይላል። በሽተኛ የሚውጠውም ተባይ የሚገድለውም ስማቸው አንድ ነው። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል፤ መድኃኒት የተባለን ነገር ማን ይፈራል?

በዚህ ረገድ ረጅም ታሪክ ያለው ዲዲቲ ነው። ተባይ ገዳይነቱን እ.ኤ.አ. በ1939 የደረሰበት ስዊዘርላንዳዊው ፓውል ሙለር ሲሆን፣ በ1948 የኖቤል ሽልማት ተሸልሞበታል። በአገራችንም በ1958 የተነሳው የወባ ወረርሽኝ 150,000 ያህል ሰው ከፈጀ በኋላ የቤት ለቤት ርጭቱ ተስፋፋ። ብዙ ሕይወት ማትረፉ አይካድም።

ታዲያ ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው? ዲዲቲ የተመረጠው ግድግዳ ላይ ስድስት ወርና ከዚያም በላይ ስለሚቆይ ነው። በካሬ ሜትር 2 ግራም ቢረጭ፣ አራት በአራት የሆነችና ቁመቷ ሁለት ሜትር ተኩል የሆነች ክፍል 40 ካሬ ሜትር ግድግዳ ስላላት፣ በአንድ ርጭት ብቻ 80 ግራም ትቀበላለች ማለት ነው። ጭቃው ሲፈረፈር አቧራው ምግብ ላይ፣ አልጋ ላይ፣ በሚድህ ሕፃን እጅ ላይ ያርፋል። ዲዲቲ በውሃ አይሟሟም፤ በስብ ግን ይሟሟል። ስለዚህ በሰውነታችን ስብ ውስጥ ለዓመታት ይከማችና በጡት ወተት ይወጣል። በ2013 የታተመ ጥናት በጅማ፣ በሰርቦና በአሰንዳቦ በእናቶችም በላሞችም ወተት ውስጥ አግኝቶታል። (ይህ ግን ጡት ማጥባት ይቅር ማለት አይደለም፤ ጥቅሙ እጅግ ያመዝናል።) ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅትም በ2015 ዲዲቲን ካንሰር ሳያመጡ አይቀሩም ከሚባሉት ውስጥ መድቦታል።

ትንኟ ስለተላመደችው በአገራችን ለወባ መርጨቱ በ2009 ገደማ በሌሎች ኬሚካሎች ተተክቷል። ከርጭት የተረፈውን እህልና አልጋ ላይ መነስነስ ያስለመደን አስተሳሰብ ግን አብሮ አልቀረም።

ዛሬ ይበልጥ አጣዳፊው አደጋ የነቀዝ ክኒኑ፣ ማለትም አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። 3 ግራም የምትመዝን አንዲት ክኒን የአየር እርጥበት ሲያገኛት 1 ግራም ያህል ፎስፊን ጋዝ ትለቃለች። ጋዙ በጆንያና በበር ስንጥቅ ያልፋል፤ ማርከሻም የለውም። እህሉ ያለው መኝታ ክፍል ውስጥ ከሆነ ነቀዙ የሚሞትበትን አየር ቤተሰቡም ተኝቶ ይተነፍሰዋል። ራስ ምታት፣ ማስመለስ፣ የትንፋሽ ማጠር ሲጀምር «ምግብ ነው የመረዘን» ይባልና ጊዜ ያልፋል።

ስለዚህ ምን እናድርግ? ሰው በሚያድርበት ቤት ክኒን አይደረግ፤ እህሉ ከመኝታ ይራቅ። አሮጌ ግድግዳ ስንጠርግ ውሃ አርከፍክፈን፣ አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን፣ ልጆችን አስወጥተን ይሁን። የኬሚካል ጀሪካን ቢታጠብም ለውሃም ለዘይትም አይሁን። ምልክት ከታየ በር ከፍቶ ሁሉንም ማውጣትና የክኒኑን ዕቃ ይዞ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

እኛ ተማሪዎች ደግሞ አንድ ቀላል ሥራ አለን፤ ቤት ስንገባ ነገሩን በስሙ መጥራት። መርዝ ነው እንበል።