ጂአር86፦ በደሞዝ ለሚኖር ሰው የተሠራ ስፖርት መኪና

ስፖርት መኪና ሲባል የአብዛኞቻችን ሐሳብ ወደ ፌራሪ፣ ወደ ፖርሸና ወደ ላምቦርጊኒ ይሄዳል። ዋጋቸው ሲጠራ ያስደነግጣል፤ ኢንሹራንሱና ጥገናውም ቀላል አይደለም። መንዳት የሚወድ ሰው ሁሉ ግን ሀብታም አይደለም። በደሞዙ እየኖረ፣ ማርሽ በእጁ መቀየር የሚያስደስተው፣ ጠመዝማዛ መንገድ ሲያገኝ ፊቱ የሚፈካ ሰው በየሰፈሩ አለ። ለእሱ የሚሠራው መኪና ነው ከዓመት ዓመት እየተመናመነ የመጣው። ከቀሩት ጥቂቶች አንዱ ቶዮታ ጂአር86 ነው። አሜሪካ ውስጥ የአዲስ መኪና አማካይ ዋጋ ከ45,000 ዶላር በላይ በወጣበት በዚህ ዘመን፣ የእሱ ዋጋ ከ30,000 ዶላር አካባቢ ይጀምራል።

ጂአር86 ባለ ሁለት በር ኩፔ ነው። ሞተሩ ከፊት ነው፤ የሚገፋው የኋላ ጎማዎችን ነው። ርዝመቱ 4.27 ሜትር፣ ከፍታው 1.31 ሜትር ብቻ ስለሆነ አጠገቡ የቆመ ሰው ጣሪያውን ቁልቁል ያየዋል። ክብደቱ 1,300 ኪሎ ገደማ ነው፤ ዛሬ ብዙ የቤተሰብ መኪኖች ከዚህ በብዙ መቶ ኪሎ ይበልጣሉ። ስለዚህ መኪና የሚነገረው መልካም ነገር ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ቀላልነትና ዝቅታ ነው።

የዘር ሐረጉን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አይከብድም። አዲስ አበባ ላይ «ዲኤክስ» የምንላትን ኮሮላ የነዳ ሰው፣ ዝናብ በጣለበት አስፋልት ላይ ስትታጠፍ ከኋላዋ ሸተት ማለት እንደሚቃጣት ያውቃል፤ የኋላ ጎማዋ ነው የሚገፋት። ኮሮላ በዚያ ዘመን ሁሉ እንዲያ ነበር የምትሠራው። በ1983 (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አምስተኛው ትውልድ ሲመጣ የቤተሰብ ሞዴሎቹ ወደ ፊት ጎማ ዞሩ፤ ኮሮላ ሌቪን እና ስፕሪንተር ትሩዌኖ የሚባሉት ኩፔዎች ግን በቀድሞው አሠራር ቀጠሉ። የፋብሪካ መለያቸው ኤኢ86 ነበር። 1.6 ሊትር ሞተር፣ አንድ ቶን ገደማ ክብደት፣ ወጣት ሠራተኛ የሚደፍረው ዋጋ፤ ያላቸው ይህ ብቻ ነበር። ኬይቺ ሱቺያ የተባለው ጃፓናዊ ተወዳዳሪ በዚህች መኪና መታጠፊያ ላይ ሆን ብሎ እያንሸራተቱ የመንዳትን፣ የድሪፍትን ጥበብ ለዓለም አሳየ። በ1995 ሹይቺ ሺጌኖ «ኢኒሻል ዲ» የተባለውን የሥዕል ልቦለድ ሲጀምር ደግሞ፣ በተራራ መንገድ ቶፉ የሚያመላልሰውን ባለታሪክ ያስነዳው ይህችኑ ትሩዌኖ ነው። ርካሽ መኪና በነጂዋ ችሎታ ትልልቆቹን ስታስከነዳ ማየት አንድ ትውልድ ሙሉ ማረከ።

ከዚያ በኋላ ቶዮታ ከስፖርት መኪና ራቀ። ሱፕራ፣ ሴሊካና ኤምአር2 በየተራ ከምርት ወጡ። ኩባንያው ስሙ ለአስተማማኝነት እንጂ ለደስታ የማይነሳ ሆነ። መመለሻው መንገድ የተገኘው ከሱባሩ ጋር በመተባበር ነው። ቶዮታ በ2005 የሱባሩን ባለቤት የፉጂ ሄቪ ኢንዱስትሪስን አክሲዮን መግዛት ጀመረ፤ ሱባሩ ደግሞ ለዝቅተኛ መኪና የሚስማማ ሞተር ነበረው። ዋና መሐንዲስ ቴትሱያ ታዳ የመራው ሥራ በ2012 ለገበያ በቃ። ጉንማ ግዛት ኦታ ከተማ ካለው የሱባሩ ፋብሪካ ሁለት መንትያ መኪኖች ወጡ፤ አንዱ ቶዮታ 86፣ ሌላው ሱባሩ ቢአርዚ። ከ2021 ጀምሮ የሚሠራው ሁለተኛው ትውልድ በቶዮታ በኩል ጂአር86 ይባላል፤ «ጂአር» የቶዮታ የውድድር ክፍል የጋዙ ሬሲንግ ምሕፃረ ቃል ነው።

ሞተሩ ቦክሰር የሚባለው ዓይነት ነው። በተለመደው ሞተር ፒስተኖቹ ወደ ላይና ወደ ታች ይሠራሉ፤ በዚህኛው ግን ሁለቱ ወደ ግራ፣ ሁለቱ ወደ ቀኝ ተጋድመው ወደ ጎን ይመላለሳሉ። ስለዚህ ሞተሩ ጠፍጣፋ ይሆንና ኮፈኑ ሥር ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። ጥቅሙ መታጠፊያ ላይ ይታያል። ውሃ የሞላ እንስራ በራሷ የተሸከመች ሴት ስትዞር የሚያስፈልጋት ጥንቃቄ፣ በወገቧ ካዘለችው ጋር አይወዳደርም። መኪናም እንዲሁ ነው፤ ከባዱ ነገር ዝቅ ሲል አካሉ ወደ ጎን መጋደሉን ይቀንስና መሪውን ወዲያው ይታዘዛል።

የመጀመሪያው ትውልድ ሞተር 2.0 ሊትር፣ 200 የፈረስ ጉልበት ነበር። አንድ የታወቀ ጉድለት ነበረው፤ በደቂቃ ከ3,500 እስከ 4,500 ዙር አካባቢ ጉልበቱ ደከም ይልና ነጂው ነዳጅ መስጫውን ረግጦ ይጠብቃል። በሁለተኛው ትውልድ ሞተሩ ወደ 2.4 ሊትር አደገ፤ ጉልበቱ በ7,000 ዙር 228 ደረሰ። ከዚህ ቁጥር የሚበልጠው ግን ሌላው ነው፦ ከፍተኛው የመሳብ አቅሙ፣ 249 ኒውተን ሜትር፣ በ3,700 ዙር ላይ ይገኛል። ቀድሞ ሞተሩ የሚደክምበት ቦታ አሁን የሚበረታበት ሆነ። ቶዮታ በማኑዋል ካምቢዮ ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር ለመድረስ 6.1 ሴኮንድ ይፈጅበታል ይላል።

ከኋላ ደግሞ ቶርሰን የሚባል ዲፈረንሻል አለው። መኪና ሲታጠፍ የውስጠኛው ጎማ ይቀልላል፤ ተራ ዲፈረንሻል ጉልበቱን ለዚያ ለቀለለው ጎማ ይለቅና በከንቱ ያሽከረክረዋል። ቶርሰን ግን በጥርሶቹ አሠራር ብቻ፣ ኮምፒውተር ሳያስፈልገው፣ ጉልበቱን መሬት ወደ ቆነጠጠው ጎማ ይመልሰዋል። ይህ ዕቃ በርካሹ ሞዴል ላይ ሳይቀር ገብቷል። ገንዘቡ የት እንደ ዋለ ከዚህ ማየት ይቻላል፤ ውስጡ ፕላስቲክ ይበዛዋል፣ ወንበሩ ጨርቅ ነው፣ የሚያወጣው ዋጋ ግን ከሥር አለ።

ይህን ሁሉ ከወረቀት ካነበብኩ በኋላ ነበር ሰሜን ቨርጂኒያ ውስጥ ከአንድ ሻጭ ዘንድ ለቴስት ድራይቭ የሄድኩት። መንጃ ፈቃዴን ኮፒ አድርጎ ከጎኔ የተቀመጠው ወጣት የአገራችን ልጅ ሆኖ ተገኘ። ገና ሞተሩን ሳስነሣ፣ «ጋሼ፣ ዘይቱ እስኪሞቅ ቀስ ይበሉለት» አለኝና የዘይት ሙቀቱን በዳሽቦርዱ ላይ አሳየኝ። ልክ ነበር፤ ቀዝቃዛ ሞተር በከፍተኛ ዙር አይነዳም።

ወንበሩ መሬት የነካ እስኪመስል ዝቅ ያለ ነው፤ እግር ወደ ፊት ይዘረጋል፣ መሪው ደረት ፊት ይመጣል። የማርሹ ዘንግ አጭር ናት፤ ከአንደኛ ወደ ሁለተኛ ለማስገባት የእጅ አንጓ ብቻ ይበቃል። የኋላ ማርሹ ከአንደኛው በስተግራ ስለሆነ በስሕተት እንዳይገባ ዘንጓ ላይ ያለውን ቀለበት በጣት ወደ ላይ መሳብ ያስፈልጋል። ፍሪሲዮኑ ቀላል ነው፤ የሚይዝበት ቦታም በግልጽ ይታወቃል። የእጅ ፍሬኑ ዛሬ ብዙ መኪኖች እንዳላቸው ቁልፍ ሳይሆን የሚጎተት ዘንግ ነው።

ዘይቱ ሞቆ ወደ ሃይዌይ የሚያስገባው ክብ መታጠፊያ ላይ ስንደርስ ሦስተኛ ማርሽ አስገብቼ ገባሁበት። መሪውን ትንሽ ሳዞረው አፍንጫው ዞረ፤ በመካከል የሚጠፋ፣ የሚዘገይ ነገር የለም። ከመታጠፊያው አጋማሽ አልፌ ነዳጅ ስሰጠው የኋላው ቁጭ አለና ሲገፋኝ በወንበሩ በኩል ተሰማኝ። ፍጥነታችን በሕጉ ወሰን ውስጥ ነበር፤ ከኋላችን የነበረው ሚኒቫንም በዚያው ፍጥነት ተከትሎናል። ልዩነቱ እኔ ጎማዎቹ ምን እያደረጉ እንደሆነ ማወቄ ነው። ቀጥታው ላይ እስከ 7,000 ዙር ሳስጮኸው ሞተሩ ሻከር ባለ ድምፅ እያደገ ሄደ፤ ማርሽ ቀየርኩና ወዲያው ከሌሎች መኪኖች ጋር ተስማምቼ ነዳሁ።

የዚህ መኪና ዋና ቁም ነገር እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። አምስትና ስድስት መቶ የፈረስ ጉልበት ያለው መኪና በሕዝብ መንገድ ላይ ከአቅሙ ሩቡን እንኳ አያሳይም፤ ነጂው ሁልጊዜ እንደ ያዘው ይኖራል። ጂአር86 ግን ሁለተኛ ማርሹን እስከ ጫፍ ድረስ በተራ ቀን፣ በተራ መንገድ ያስጠቅማል። ርካሹ ሞዴል ላይ የተገጠመው ባለ 17 ኢንች ሚሸሊን ፕራይመሲ ጎማ ጠባብና የተለመደ ዓይነት መሆኑ ከዚሁ ጋር ይሄዳል። መሬት የሚለቅበት ወሰን ዝቅ ስለሚል፣ ለመንሸራተት መቃረቡን ገና ቀስ እያለ ይናገራል። ተማሪ ነጂ የሚማረው ከእንዲህ ያለ መኪና ነው።

ከመግዛት በፊት መታወቅ ያለበት ሌላ ገጽታም አለ። የኋላ ወንበሩ ለስሙ ነው፤ አዋቂ ሰው አይቀመጥበትም፣ የልጅ ወንበር ማስገባትም ያስቸግራል። ሸካራ አስፋልት ላይ የጎማው ድምፅ ወደ ውስጥ ይገባል። ቤንዚኑ ፕሪሚየም ነው፤ የኪስ ጉዳይ ከሆነ ይህ በየሳምንቱ ይሰማል። ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ስለሆነ በተለይ ለወጣት የኢንሹራንስ ዋጋው ከፍ ሊል ይችላል፤ ከመፈረም በፊት ዋጋውን መጠየቅ ነው። በረዶ በሚጥልበት ከተማ የሚኖር ሰው የክረምት ጎማ ሳይገዛ አይሆንለትም። በሌላ በኩል የኋላ ወንበሩ ሲታጠፍ አራት ትርፍ ጎማ ይይዛል፤ ወደ ውድድር ሜዳ የሚሄድ ሰው የሜዳ ጎማውን ጭኖ እንዲሄድ ተብሎ የታሰበ ነው።

ቴስት ድራይቭ የሚሄድ ሰው የሚያደርጋቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ሬዲዮውን ይዝጋ። አስቀድሞ የሚያውቀውን መንገድ ይምረጥ፤ አንድ የተበላሸ አስፋልት፣ አንድ ሃይዌይ፣ አንድ ጥሩ መታጠፊያ ይኑርበት። በሦስተኛ ማርሽ ከ3,000 ዙር ጀምሮ ሳይቀይር ይጎትተው፤ ሞተሩ ምን ያህል እንደሚታዘዝ የሚታወቀው በዚያ ነው። ከዚያ ቢአርዚውንም ይንዳ። የሱባሩው ሞላ ከፊት ጠንከር፣ ከኋላ ለስለስ ያለ ስለሆነ ረጋ ይላል፤ የቶዮታው ተቃራኒ ስለሆነ የኋላው ለመዞር ይፈጥናል። የሚመርጠው ነጂው ነው።

አዲሱ ከአቅም በላይ ለሆነበት ሰው የመጀመሪያው ትውልድ ባገለገሉ መኪኖች ገበያ አለ። የ2013 ሞዴል ከሆነ፣ በ2018 ለቫልቭ ሞላ የታወጀው የጥሪ ጥገና መደረጉን በሻንሲው ቁጥር ማጣራት የግድ ነው። ቀደም ሲል ሜዳ ላይ ለድሪፍት የዋለ መሆኑን ከጎማው አበላል፣ ከፍሪሲዮኑና ከታችኛው አካል ጭረት ማንበብ ስለሚቻል መካኒክ ይዞ መሄድ ይበጃል።

የዚህ ዓይነት መኪና የሚሸጥበት አገርም እያነሰ ነው። አውሮፓ ውስጥ በሐምሌ 2024 ተግባራዊ የሆነው የደኅንነት ደንብ የጠየቀውን ለማሟላት ስላልተሠራ ጂአር86 ከገበያው ወጥቷል። ኢትዮጵያም በ2024 መጀመሪያ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ ከልክላለች። እኔ የኤሌክትሪክ መኪናን ጥቅም አልክድም፤ ለአገራችን የነዳጅ ወጪ መፍትሔ መሆኑም ይገባኛል። ግን ባትሪ ከባድ ነው፤ 1,300 ኪሎ የሚመዝን፣ ደሞዝተኛ የሚገዛው፣ በእጅና በእግር የሚነዳ መኪና እስካሁን በኤሌክትሪክ አልመጣልንም። እስኪመጣ ድረስ ያለውን ማወቅና መጠቀም ይገባል።

አሜሪካ ላለ ገዢ አንድ መልካም ዕድል ተጨምሮለታል። አዲስ ጂአር86 የገዛ ሰው የናሽናል ኦቶ ስፖርት አሶሲዬሽን የአንድ ዓመት አባልነትና አንድ ነጻ የሜዳ ላይ የመንዳት ቀን ያገኛል፤ ጀማሪ ሲሆን አሠልጣኝ ከጎኑ ይቀመጣል። ብዙ ሰው ይህን ወረቀት መሳቢያ ውስጥ ጥሎት ይረሳዋል። በየሰፈሩና በየሃይዌዩ በፍጥነት ሕይወታቸውን የሚያጡ ወጣቶቻችንን ሳስብ፣ ለልጁ ወይም ለራሱ ይህን መኪና የሚገዛ ሁሉ ቁልፉን በተቀበለ ማግስት ያንን ቀን እንዲያስመዘግብ እለምናለሁ። መኪናውን የሠሩት ሰዎች ለመንዳት ችሎታ ብለው ነው የሠሩት፤ ችሎታ ደግሞ መምህር ባለበት፣ እግረኛ በሌለበት ቦታ ነው የሚገኘው።