እንጦጦ ወይስ ዲንሾ?

አንድ የሮቤ ልጅና ፍቅረኛው ሰሞኑን ተኳርፈዋል አሉ። እሱ «ለዕረፍታችን አዲስ አበባ ሄደን እንጦጦ ፓርክ በገመድ እንንሸራተት» ይላል። እሷ ደግሞ «ዲንሾ አፍንጫችን ሥር እያለ?» ባይ ናት። እስቲ እንዳኛቸው!

እንጦጦ ፓርክ የተከፈተው በ2013 ዓ.ም. ነው። የገመድ መንሸራተቻ፣ የትንንሽ መኪና ውድድር፣ ፈረስ ግልቢያ... ምን የሌለው አለ! ካፌው፣ ፎቶው፣ ሰው ማየቱ ራሱ ጨዋታ ነው። አንድነት ፓርክ ጎራ ካላችሁም አንበሳውን ከአጥር ወዲያ ታያላችሁ። ችግሩ ደስታው የደቂቃ ነው፤ ልባችሁ ሳይረጋ ኪሳችሁ ይራቆታል።

ዲንሾስ? የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና መሥሪያ ቤት ያለው እዚያ ነው። ጭፈራ የለም፣ ሰልፍ የለም። ግን የደጋ አጋዘን ያለ አጥር ሲግጥ ታያላችሁ። ፈረስ ተከራይቶ መሄድም ይቻላል። ወደ ሳነቴ ከዘለቃችሁ፣ 4377 ሜትር ከፍታ ባለው በቱሉ ዲምቱ አካባቢ፣ ቀይ ቀበሮ አይጥ ስታድን ልታገኙ ትችላላችሁ። ዩኔስኮም ፓርኩን በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል።

ፍርዳችን? ገና ለተዋወቁና ወሬ ለሚያጥራቸው እንጦጦ ይሻላል፤ ግርግሩ ያግዛቸዋል። ለመጋባት ላሰቡ ግን ዲንሾ! ሁለት ሰዓት ያለ ሙዚቃ አብሮ መራመድ ካቃታችሁ፣ ጥፋቱ የፓርኩ አይደለም።

ታዲያ ጃኬት አትርሱ። ውሻም ይዛችሁ አትሂዱ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮዎቹን ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል።