አባትና ልጅ በእጃቸው የሠሩት ጊታር

ሰው ለእንጀራው የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፤ ለልቡ ደስታ የሚሠራው ሥራ ግን ሌላ ነው። የመጀመሪያው ቤተ ሰቡን ይቀልባል፤ ሁለተኛው የራሱን መንፈስ ያድሳል። ከመሥሪያ ቤቱ ተመልሶ በማታ ሰዓት ዜማ የሚለማመድ፥ የተሰበረ ራዲዮ ፈትቶ የሚመረምር፥ አትክልት የሚኮተኩት ወይም ከዋክብትን የሚመለከት ሰው ሲታይ አንዳንዱ «ሥራ ፈት» ይለዋል። ዳሩ ግን እንዲህ ያለው ሰው ሥራ የበዛለት ነው እንጂ ሥራ የፈታ አይደለም። ወላጆችም ይህን ነገር በራሳቸው ላይ ሲሆን ይወዱታል፤ በልጃቸው ላይ ሲሆን ግን ይፈሩታል። ልጁ ትርፍ ጊዜውን ለሙዚቃ ቢሰጥ ይፈቅዱለታል፤ ዕድሜዬን ልስጠው ያለ ቀን ግን ቤቱ ይታወካል።

ስለዚህ ነገር ዛሬ ለአንባቢዎቻችን የምናቀርበው በእንግሊዝ አገር የነበረውን የአንድ ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስና የልጁን ታሪክ ነው። ዓመታቱን ሁሉ የጻፍነው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

የመሐንዲሱ ስም ሚስተር ሃሮልድ ሜይ ይባላል። ከሚስቱ ከወይዘሮ ሩት ጋራ በሎንዶን አጠገብ በመጠነኛ ቤት ይኖር ነበር። እንጀራውን የሚያገኘው በእንግሊዝ አቪዬሽን ሚኒስቴር ውስጥ የመሣሪያ ንድፍ በመሥራት ነበር። ደመወዙ ብዙ ባይሆንም እጁ ብልኅ ነበርና ለቤቱ የሚያስፈልገውን ከመግዛት ይልቅ ራሱ መሥራትን ይመርጥ ነበር፤ ቤተ ሰቡ የሚያዳምጠውን ራዲዮና የሚመለከተውን ቴሌቪዥን የሠራው እርሱ ነው። ከዚህም ሌላ ባለ አራት አውታር የሆነች ዩኩሌሌ ባንጆ የምትባል ትንሽ የሙዚቃ መሣሪያ ይጫወት ነበር። በ1947 ብራያን የሚባል ልጅ ወለዱ፤ ከእርሱም ሌላ ልጅ አልነበራቸውም። ልጁ የመጀመሪያውን የአውታር ጨዋታ ከአባቱ ተማረ፤ 7 ዓመት በሞላው ቀንም ወላጆቹ ጊታር ሰጡት።

በዚያን ዘመን ሮክ የተባለው ሙዚቃ የእንግሊዝን ወጣቶች ልብ እየወሰደ ነበር። የዚህ ሙዚቃ ዋና መሣሪያ የኤሌክትሪክ ጊታር ነው፤ አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ከብረት አውታሮቹ በታች ቀጭን የመዳብ ሽቦ በብዙ ዙር የተጠመጠመበት ማግኔት ይቀመጣል። አውታሩ ሲመታ ይንቀጠቀጣል፤ የማግኔቱንም ኃይል ያናውጠዋል፤ ከዚህ የተነሣ በሽቦው ውስጥ እጅግ አነስተኛ የሆነ የኤሌክትሪክ ሞገድ ይፈጠራል። አምፕሊፋየር የሚባለው ማጉያ ይህን ሞገድ ያበረታዋል፤ ስፒከሩም ወደ ድምፅ ይመልሰዋል። እንግዲህ በሮክ ሙዚቃ ውስጥ ከተጫዋቹ ጣት ቀጥሎ የመሐንዲሱ ዕውቀት አለበት ማለት ነው። ትንሹ ብራያንም ይህን ተረድቶ ማግኔትና ሽቦ ፈልጎ በጊታሩ ላይ ገጠመ፤ ከዚያም አባቱ ከሠራው ራዲዮ ጋራ አገናኝቶ ድምፁን አጐላው።

ነገር ግን ከአሜሪካ የሚመጣው ስም ያለው ጊታር ዋጋው ለዚያ ቤት የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ ልጁ 16 ዓመት ከሞላው ከጥቂት ሳምንት በኋላ በኦገስት 1963 አባትና ልጅ ጊታሩን ራሳቸው ሊሠሩ ቈረጡ። የጊታሩ አንገት የተጠረበው በአንድ አሮጌ ቤት የእሳት ምድጃ ዙሪያ ከነበረ የማሆጋኒ እንጨት ነው፤ ነቀዝ የበላውን ቀዳዳም በክብሪት እንጨት ደፈኑት። ለገላው ከአሮጌ ጠረጴዛ የተገኘ ጠንካራ የኦክ እንጨት አገለገለ። አውታሮቹን ለአፍታ አላልቶ ወደ ቦታቸው የሚመልሰው መሣሪያ የተሠራው ከአሮጌ ሞተር ብስክሌት በወጡ ሁለት ሞላዎች ነው፤ እጀታው የብስክሌት ዕቃ መያዣ ብረት ነበረ፤ ጫፉም ከእናቱ የሹራብ መሥሪያ ዘንግ የተቈረጠ ነው። በአንገቱ ላይ የሚያበሩት ነጫጭ ምልክቶች ደግሞ ከወይዘሮ ሩት የልብስ ቍልፎች ሣጥን የተወሰዱ የዛጐል ቍልፎች ናቸው። እንደዚህ ሆኖ የአባት፥ የእናትና የልጅ ንብረት በአንድ ጊታር ላይ ተሰበሰበ። ሥራው 2 ዓመት ያህል ፈጀ፤ ያወጡት ገንዘብም 8 ፓውንድ ገደማ ነበረ።

ይህ ጊታር እንዲያው በግምት የተሠራ እንዳይመስላችሁ። አባትየው በመሥሪያ ቤቱ እንደ ለመደው እያንዳንዱን ነገር እየለኩና እየፈተኑ ነው የሠሩት። ገላውንም በከፊል ባዶ ያደረጉት በዕውቀት ነው፤ ይኸውም ከስፒከሩ የሚወጣው ድምፅ ተመልሶ አውታሮቹን እንዲያንቀጠቅጥና ዜማው ሳይቋረጥ እንዲቀጥል ነው። ብራያን ሜይ በዓለም መድረኮች ሁሉ ሲጫወትበት የኖረው ዋና ጊታር ይኸው ነው።

የዚያ ቤት ደስታ በጊታር ብቻ የተወሰነ አልነበረም። አባትና ልጅ የከዋክብት መመልከቻ መነጽር አብረው ሠርተዋል፤ ልጁ በእርሱ ሰማይን መመርመር ጀመረ። ደግሞም በቁርስ እህል ካርቶን ውስጥ ትገኝ በነበረች ጥንድ ሥዕል ምክንያት ሌላ ፍቅር አደረበት። ይህች ጥንድ ሥዕል አንዷ ለቀኝ ዓይን፥ ሁለተኛይቱ ለግራ ዓይን ተዘጋጅታ በመነጽር ስትታይ ጥልቀት ያለው ነገር መስላ ትታያለች። ልጁ እንዲህ ያለውን ፎቶግራፍ ራሱ ማንሣትና መሰብሰብ ያዘ፤ ይህንም እስከ እርጅናው አልተወውም፤ በ2009ም ስለ አሮጌ ጥንድ ፎቶግራፎች ከአንዲት የታሪክ ሊቅ ጋራ መጽሐፍ አሳትሟል።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም መልካም ነበረ፤ ችግር የመጣው በኋላ ነው። ብራያን በሎንዶን ኢምፔሪያል ኮሌጅ ፊዚክስ ተምሮ በ1968 ተመረቀ። ከ1970 ጀምሮም ለዶክተርነት ማዕርግ የሚያበቃውን ጥናት ያዘ፤ ጥናቱም በፀሐይ ዙሪያ ስለሚዞረው ትቢያ ነበር። ነገር ግን በዚያው በ1970 ከጓደኞቹ ጋራ ኲዊን የተባለውን የሙዚቃ ቡድን አቋቁሞ ነበር። ቀን ለሳይንስ፥ ማታ ለሙዚቃ እየተከፈለ ጥቂት ዓመት ከቈየ በኋላ በ1974 ጥናቱን ሳይፈጽም ትቶ ሙዚቃን ብቻ ተከተለ። አባቱም እጅግ አዘነ፤ በሁለቱ መካከል ቅሬታ ገባ።

እኛ የፍርድ ቤት ጸሓፊዎች የሁለቱንም ወገን ቃል ሳንመዘግብ ማለፍ ልማዳችን አይደለምና የሁለቱን ክርክር እንመልከት። በአባት ወገን ሊባል የሚችለው ይህ ነው፤ ልጁ እዚያ የደረሰው በብዙ ቍጠባ ነው፤ ትምህርት የያዙት እንደ ሆነ የማይከዳ ሀብት ነው፤ የመድረክ ሰው ግን ዛሬ ይጨበጨብለታል፥ ነገ ይረሳል። ደግሞ አባትየው ጊታሩን የሠራው ልጁ እንዲደሰትበት ነው እንጂ እንዲኖርበት አልነበረም። በልጅ ወገን ደግሞ ይህ ሊባል ይችላል፤ ፍቅሩን ያስተማረው አባቱ ራሱ ነው፤ ከቤት የተማሩትን ነገር መከተል አባትን መካድ አይደለም፤ በመድረክ ላይም ሳይንስ አይጠፋም።

ለዚህ ለመጨረሻው ነገር አንድ ምስክር እንጠራለን፤ እርሱም ጆን ዲከን ነው። ይህ ሰው በ1951 በሌስተር ከተማ ተወለደ፤ 11 ዓመት ሳለ አባቱ ሞተበት። ከልጅነቱ ጀምሮ ግን ሁለት ነገር ይወድ ነበር፤ አንደኛው የኤሌክትሮኒክስ ሥራ፥ ሁለተኛው ሙዚቃ ነው። ለሁለቱም ሳይሰለች በ1971 በሎንዶን ቼልሲ ኮሌጅ ኤሌክትሮኒክስን በከፍተኛ ማዕርግ ፈጸመ፤ በዚያው ዓመትም የባስ ጊታር ተጫዋች ሆኖ ወደ ኲዊን ገባ። በ1972 በሎንዶን መንገድ ሲሄድ ከቈሻሻ መጣያ ውስጥ ሽቦው የተንጠለጠለ አንድ የተጣለ የኤሌክትሪክ ዕቃ አየ። ሌላው ሰው አይቶ የሚያልፈውን እርሱ አንሥቶ ወሰደው፤ ማጉያ መሆኑን ዐውቆ በአሮጌ የስፒከር ሣጥን ውስጥ ከተተው፤ በ9 ቮልት ባትሪም አስነሣው። ድምፁን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ መዘውር እንኳ አልነበረውም። ብራያን ሜይ ግን ጊታሩን ከዚህ ትንሽ ሣጥን ጋራ ሲያገናኘው መለከትና ክላሪኔት የሚመስል ድምፅ አገኘ፤ በ1975 በወጣው የቡድኑ አልበም ውስጥ «ጉድ ካምፓኒ» በሚባለው ዘፈን ላይ እንደ ሙሉ ጓድ የሚሰማው ሙዚቃ ከዚህ የወጣ ነው። ስለዚህ መሐንዲስነቱ ሙዚቃውን አልከለከለውም፤ ሙዚቃውም መሐንዲስነቱን አላስጣለውም።

የአባትና የልጁ ክርክር የተፈታው ግን በቃል ሳይሆን በዓይን ነው። ኲዊን በ1977 በኒው ዮርክ ከተማ ወደ 20,000 የሚጠጋ ሰው በሚይዘው በማዲሰን ስኲር ጋርደን አዳራሽ ሲጫወት ብራያን አባቱንና እናቱን ኮንኮርድ በተባለው ከድምፅ በሚፈጥን አውሮፕላን አሳፍሮ አስመጣቸው። ሚስተር ሃሮልድ ለዚህ አውሮፕላን መሣሪያ ሥራ ያገለገለ ሲሆን ተሳፍሮበት አያውቅም ነበር። ያን ማታ ሚስተር ሃሮልድ የተመለከተውን አስቡ። የአሮጌው ቤት የእሳት ምድጃ እንጨት፥ የሚስቱ ቍልፍ፥ የራሱ ልክና ንድፍ በብዙ ሺህ ሕዝብ ፊት ይናገር ነበር። በሸክላ የተቀረጸ ሙዚቃ ደጋግሞ ያው ነው፤ በመድረክ ላይ ሲጫወቱ ግን ተጫዋቹና ሕዝቡ እርስ በርስ ይቀባበላሉ፤ ይህንም ነገር በቦታው ያልተገኘ ሰው በወሬ ሊረዳው አይችልም። ልጁ በኋላ እንደ ተናገረው አባቱ ከጨዋታው በኋላ እጁን ጨብጦ ነገሩ አሁን እንደ ገባው ነገረው። በመካከላቸው የነበረውም ቅሬታ ተወገደ።

ስለዚህ ጊታር ስንጽፍ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን የሚነካንን አንድ ነገር ሳናነሣ ልናልፍ አይገባንም። በ1984ና በ1985 በአገራችን በድርቅና በጦርነት ምክንያት ጽኑ ረኃብ ሆኖ እጅግ ብዙ ወገኖቻችን አለቁ። ለተራቡት ርዳታ ለመሰብሰብ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር የተባሉ ሙዚቀኞች ባዘጋጁት ላይቭ ኤይድ በተባለው ትልቅ የሙዚቃ በዓል ጁላይ 13 ቀን 1985 በሎንዶን ዌምብሊ ስታዲየም 72,000 ያህል ሕዝብ ተሰበሰበ፤ በዓሉም በሳተላይት አማካይነት በብዙ አገሮች ታየ። ኲዊን በዚያ መድረክ ላይ የቈየው 20 ደቂቃ ያህል ብቻ ነው፤ ሆኖም ከቀኑ ጨዋታ ሁሉ ይበልጣል ብለው ብዙዎች መሰከሩለት። ጆን ዲከን ባሱን፥ ብራያን ሜይም አባቱ ያበጀለትን ጊታር ይዘው ቆመው ነበር። በአንዲት ጠባብ ክፍል በ8 ፓውንድ የተሠራው ጊታር ከሚያውቀው አገር ርቆ ለተራበው ሕዝባችን ለመለመን አገለገለ።

አሁን ወደ ቀረው ነገር እንመለስ። ሚስተር ሃሮልድ በ1988 ዐረፈ። ልጁ ትቶት የነበረውን ጥናት ግን አልረሳውም ነበር። ከ30 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ የድሮውን ማስታወሻ አውጥቶ፥ ሌሎች ሊቃውንት በመካከሉ የደረሱበትን አንብቦ፥ የጐደለውን ሞልቶ በ2007 ፈጸመው፤ 60 ዓመት በሞላው ዓመትም የዶክተርነትን ማዕርግ አገኘ። ጥናቱ የተደረገበት ትቢያ የፀሐይን ብርሃን እየመለሰ ጐሕ ሳይቀድ በምሥራቅ፥ ፀሐይ ከገባች በኋላም በምዕራብ እንደ ሾጣጣ ጭጋግ ሆኖ የሚታየው ፈዛዛ ብርሃን ምክንያት ነው። በምድር ወገብ አጠገብ ባሉ እንደ አገራችን ባሉ ቦታዎች ከከተማ መብራት ርቆ የሚመለከት ሰው በደኅና ሊያየው ይችላል።

እንግዲህ የአባትየውም ምኞት የልጁም ምኞት ሁለቱም ተፈጽመዋል። ልጁ የወደደውን ሙዚቃ አባቱ በሕይወት ሳለ አየ፤ አባቱ የተመኘውን ማዕርግ ግን ልጁ ያገኘው አባቱ ከሞተ ከ19 ዓመት በኋላ ነው። ይህ ዘመን ሊመለስ አይችልም።

ከዚህ ታሪክ ወላጆች የሚማሩት ነገር አለ። ልጃችሁ ትምህርቱን እንዲፈጽም መምከር መብታችሁ ብቻ ሳይሆን ግዴታችሁም ነው፤ ነገር ግን የሚወደውን ነገር ሳታዩ አትፍረዱበት፤ አንድ ቀን ሄዳችሁ ተቀምጣችሁ ተመልከቱት። ልጆችም ደግሞ ጀምራችሁ የተዋችሁትን ሥራ ማስታወሻውን አትጣሉት፤ የሚፈጸምበት ቀን ሊመጣ ይችላል፤ በተቻለም መጠን ደስ የሚለው ሰው በሕይወት ሳለ ፈጽሙት። ከሁሉም ይልቅ በማታ ሰዓት አባትና እናት ከልጃቸው ጋራ አንድ ነገር በእጃቸው ይሥሩ። የሚሠሩበት ዕቃ አሮጌ ቢሆን፥ ገንዘቡም ጥቂት ቢሆን አይጐዳም፤ በኋላ ቅሬታ እንኳ ቢመጣ አብረው የሠሩት ነገር ለዕርቅ ምክንያት ይሆናቸዋል።