የሚዋጥ ካሜራ የፈለሰፉት የሃይፋው መሐንዲስ

በእኛ አባባል ምሥጢር ሲሆን «ሆድ ይፍጀው» ይባላል። ለሐኪሞች ደግሞ ምሥጢር ጠብቆ የኖረው ሆድ ውስጥ ያለው ትንሹ አንጀት ነው። ስድስት ሜትር ገደማ ይረዝማል፤ ይጠማዘዛል፣ ይተጣጠፋል። በአፍ የሚገባው የኢንዶስኮፒ ቱቦ ጨጓራንና የትንሹን አንጀት መጀመሪያ፣ በፊንጢጣ የሚገባው ደግሞ ትልቁን አንጀት ያሳያል። መሃል ያለው ግን ጨለማ ነበር። እዚያ የሚደማ ሕመምተኛ ደሙ ከየት እንደሚፈስ ሳይታወቅ ደም እያነሰው፣ ደም እየተሰጠው ሊኖር ይችላል። አንዳንዱም ሆዱ በቀዶ ሕክምና ተከፍቶ ይታይ ነበር።

ለዚህ መላ ያመጡት ሐኪም አይደሉም። ዶ/ር ጋቭሪኤል ኢዳን በሃይፋው ቴክኒዮን የተማሩ፣ ራፋኤል በተባለው የእስራኤል የጦር መሣሪያ ድርጅት የሠሩ መሐንዲስ ናቸው። ሙያቸው የሚሳይል «ዓይን» የሚሆኑ የምሥል መሣሪያዎች ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1981 ቦስተን ሳሉ እስራኤላዊ ጎረቤታቸው የጨጓራና አንጀት ሐኪሙ ኤይታን ስካፓ ነበሩ። ሁለቱ ስለየሙያቸው ያወጋሉ። ከአሥር ዓመት ገደማ በኋላ ሲገናኙ ሐኪሙ ያንኑ ችግር አነሡ፤ ትንሹን አንጀት እንዴት እንየው?

ቱቦ ማርዘም የሚያዋጣ አልሆነም። ኢዳን ቱቦውን ጭራሽ ተዉት። ሥራውን ለሦስት ከፈሉት፦ የምትዋጠው ካፕሱል ፎቶ እያነሣች በሬዲዮ ትልካለች፤ ሆድ ላይ የሚለጠፉ አንቴናዎች ይቀበላሉ፤ ወገብ ላይ የሚታሰር መቅጃ ያስቀምጣል። ሐኪሙ በኋላ ኮምፒውተር ላይ ያየዋል። ባትሪ ቶሎ የሚያልቅበትን ችግር ደግሞ በአሜሪካው ናሳ ቤተ ሙከራ የተገኘው ኃይል ቆጣቢ የምሥል ቺፕ ቴክኖሎጂ አቃለለው።

ኢዳን በ1994 የፈጠራ መብት ጠየቁ። በ1998 ጋቭሪኤል ሜሮን ጊቨን ኢሜጂንግ የተባለውን ኩባንያ መሠረቱ፤ ሥራውም ከሃይፋ ብዙም በማትርቀው ዮክነዓም ተጀመረ። በተመሳሳይ ሐሳብ ለንደን ላይ ይሠሩ የነበሩት ሐኪም ፖል ስዌይንም ተቀላቀሉ፤ በጥቅምት 1999 የመጀመሪያዋን ካፕሱል የዋጡትም እሳቸው ናቸው። ውጤቱ በ2000 ኔቸር መጽሔት ላይ ወጣ፤ በ2001 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ፈቀደ። ኩባንያውን በ2014 ኮቪዲየን ገዛው።

ካፕሱሏ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት፣ 26 ሚሊ ሜትር ርዝመት አላት፤ 4 ግራም አትሞላም። ሕመምተኛው ሌሊቱን ሳይበላ አድሮ በውኃ ይውጣታል፤ ማደንዘዣ የለም፣ ወደ ጉዳዩም መሄድ ይችላል። እሷ በሰከንድ ሁለት ጊዜ እያነሣች፣ በ8 ሰዓት ገደማ 50 ሺህ ያህል ምሥል ትልካለች። በመጨረሻ ከሰገራ ጋር ትወጣለች።

ሁሉንም ግን አትችልም። ለምርመራ ናሙና አትቆርጥም፤ ደም አታቆምም። አንጀቱ በበሽታ የጠበበ ሰው ውስጥ ተቀርቅራ ልትቀርም ትችላለች። ስለዚህ እንዲህ ያለ ሕመም ያለበት ሰው ከመዋጡ በፊት ለሐኪሙ መናገር አለበት። አንዴ ተጠቅመው የሚጥሏት መሆኗም ዋጋዋን ያስወድደዋል።

ቢሆንም ደሙ ከየት እንደሚፈስ ሆድ ሳይከፈት ማየት ተችሏል። ከቦስተኑ ወግ እስከ መጀመሪያዋ ካፕሱል 18 ዓመት ፈጅቷል፤ ሐኪሙ ጥያቄውን ደግመው ባያነሡ፣ መሐንዲሱም «ሙያዬ አይደለም» ቢሉ ኖሮ ጉዳዩ አሁንም ሆድ የፈጀው ሆኖ በቀረ ነበር።