የሞለኪውል ገጽ ቀለማት፦ ቀዩ፣ ሰማያዊውና ነጩ ምን ያመለክታሉ?

በሕክምና መጻሕፍትና መጽሔቶች ላይ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ የተቀቡ፣ ጎርባጣ ድንጋይ የሚመስሉ የፕሮቲን ሥዕሎች በብዛት ይታያሉ። ቀለማቱ ለጌጥ የተደረጉ አይደሉም፤ የፕሮቲኑ የራሱ መልክም አይደሉም። ሄሞግሎቢን ደምን የሚያቀላው በያዘው ሄም ምክንያት ሲሆን፣ በሥዕሉ ላይ ያለው ቀይ ከዚህ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። ቀለሙ የሚገልጸው በሞለኪውሉ ገጽ ላይ በእያንዳንዱ ነጥብ በስሌት የተገኘውን ኤሌክትሮስታቲክ ፖቴንሺያል ነው። በተለመደው አሠራር ቀይ አሉታዊ፣ ሰማያዊ አዎንታዊ፣ ነጭ ደግሞ ወደ ዜሮ የተጠጋ ስፍራን ያመለክታል።

ስሌቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው በኤክስሬይ ክሪስታሎግራፊ ከተገኘ የአቶሞች አቀማመጥ ነው። ይህ ዘዴ ሃይድሮጅኖችን በአብዛኛው ስለማያሳይ ፕሮግራሙ ራሱ ይጨምራቸዋል፤ ለእያንዳንዱ አቶምም ቻርጅ ይሰጠዋል። እዚህ ላይ የሰው ውሳኔ ይገባበታል። ለምሳሌ ሂስቲዲን የተባለው አሚኖ አሲድ በሰውነት ፒኤች አካባቢ ፕሮቶን ሊይዝም ሊለቅም ስለሚችል፣ አዎንታዊ ነው ወይስ ገለልተኛ ተብሎ እንደ ተወሰነው የገጹ ቀለም ይለያያል። ቀጥሎ የፖይሰን-ቦልትዝማን እኩልታ ይሰላል። ውኃ በቻርጆች መካከል ያለውን ኃይል 80 ጊዜ ያህል እንደሚያዳክም ይታሰባል፤ ለፕሮቲኑ ውስጠኛ ክፍል ግን ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 የሆነ ቁጥር ይወሰዳል። በውኃው ውስጥ ያለው ጨውም ከስሌቱ ይገባል። ዛሬ ኤፒቢኤስ የተባለው ፕሮግራም ሲያሰላ፣ ፓይሞልና ካይሜራን የመሳሰሉት ውጤቱን በገጹ ላይ ይቀባሉ። ፓይሞል በራሱ ፈጥኖ የሚሠራው አማራጭ ግን ውኃውንና ጨውን በዚህ መልክ ስለማያሰላ ከግምታዊ እይታ ያለፈ ዋጋ ሊሰጠው አይገባም።

ከሁሉ ይልቅ ቸል የሚባለው የቀለሙ መለኪያ ነው። ከሥዕሉ ግርጌ የሚቀመጠው መስመር ብዙውን ጊዜ ከ‑5 እስከ +5 ይደርሳል፤ አንዱ መለኪያ በሰውነት ሙቀት 27 ሚሊቮልት ያህል ነው። ያው ፕሮቲን፣ ያው ስሌት ሆኖ መስመሩ ከ‑1 እስከ +1 ቢጠብ የገረጣው ገጽ በደማቅ ቀይና ሰማያዊ ይሞላል። በኤሌክትሮካርዲዮግራም ወረቀት ላይ 1 ሚሊቮልት 10 ሚሊሜትር መሆኑን የሚያሳየው ምልክት ከሌለ የሞገዱን ቁመት ማመን እንደማይቻል ሁሉ፣ መለኪያ የሌለው የሞለኪውል ሥዕልም ለንጽጽር አይበቃም።

መለኪያው ተሟልቶ እንኳ ሥዕሉ የማይናገረው ነገር አለ። ለዚህ ከሲክል ሴል ሄሞግሎቢን የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ሊነስ ፖሊንግና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1949 የታማሚዎች ሄሞግሎቢን በኤሌክትሪክ መስክ ውስጥ ከጤናማው የተለየ ጉዞ እንዳለው አሳዩ፤ ልዩነቱ የቻርጅ ነበር። በኋላም ቬርነን ኢንግራም ምክንያቱ በቤታ ሰንሰለት 6ኛ ቦታ ላይ ግሉታሚክ አሲድ በቫሊን መተካቱ መሆኑን ደረሰበት። በሥዕሉ ላይ ይህ ለውጥ የሚታየው በአሉታዊው ግሉታሚክ አሲድ ምክንያት ቀይ የነበረው ስፍራ በመደብዘዙ ብቻ ነው። ፈጽሞም ላይነጣ ይችላል፤ ጎረቤቱ፣ ማለትም 7ኛው አሚኖ አሲድ፣ ራሱ አሉታዊ ነውና።

በሽታውን የሚያመጣው ግን ይኸው ዓይን የማይስበው ስፍራ ነው። ቫሊን ውኃን የሚሸሽ በመሆኑ፣ ኦክስጅን በተለቀቀ ጊዜ በሌላ ሄሞግሎቢን ላይ ባለው ተመሳሳይ ባሕርይ ያለው ጎድጓዳ ስፍራ ይሰካል፤ ሞለኪውሎቹም ተያይዘው ረጃጅም ዘንጎች ይሠራሉ፤ ሕዋሱም ማጭድ ይመስላል። በሄሞግሎቢን ሲ በዚያው ቦታ አዎንታዊው ላይሲን ስለሚገባ የቀለሙ ለውጥ እጅግ የጎላ ነው። ሆኖም ከሁለቱም ወላጆች ሄሞግሎቢን ሲን የወረሰ ሰው የሚይዘው በአመዛኙ ቀላል የደም ማነስ ነው። የቀለሙ ድምቀትና የሕመሙ ክብደት አብረው አይሄዱም።

ይህ ጉድለት የኮምፒውተሩ ብቻ አይደለም። ቻርጅን መሠረት ያደረገው የላቦራቶሪ ምርመራም ይጋራዋል። ሄሞግሎቢን ዲ ፑንጃብ በ121ኛው ቦታ ግሉታሚክ አሲዱን በግሉታሚን በመተካቱ እንደ ሲክል ሄሞግሎቢን አንድ አሉታዊ ቻርጅ ያጣል። በመሆኑም በአልካላይን ኤሌክትሮፎሬሲስ ሁለቱ አንድ መስመር ላይ ይቆማሉ። የሚለዩት በአሲዳማ ኤሌክትሮፎሬሲስ ወይም በሟሚነት ምርመራ ሲሆን፣ በኋለኛው የሲክል ሄሞግሎቢን ናሙና ሲደፈርስ የዲው ጥርት እንዳለ ይቀራል።